«ተኝታ ትጠብቅ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። እናቷ የማህፀን ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዘው ወረፋ እየጠበቁ ነው። ልጅቷ በየቀኑ ማታ ማታ ወክ ታስደርጋቸው ነበር። ጽሑፉን ካነበበች በኋላ አቆመች። ከሥሩ የጻፈችልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «እውነት ልጎዳት ነበር እንዴ?»

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ከኦፕራሲዮን በፊትም በኋላም በእጄ ያልፋሉ። ለልጅቷ ወዲያው መለስኩላት። ግን ጽሑፉን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው፤ ስለዚህ በአደባባይም መመለስ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። የማህፀን፣ የማህፀን በር ወይም የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰር ያለባት ሴት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ሳምንታት እንቅስቃሴ ታድርግ የሚለውን ምክር ጸሐፊው ይቃወማሉ። ስድስት ምክንያት አላቸው። ታማሚ ጉልበቷን መቆጠብ አለባት። የእኛ አገር ሴት ድሮም ከሥራ አርፋ አታውቅም። ጥናቶቹ የተሠሩት በሌላ በሽታ ላይ ነው። እንቅስቃሴ ደም ያፈሳል፣ ካንሰሩንም ያሰራጫል። ኦፕራሲዮኑን ያዘገያል። ለዚህ የሚሆን ባለሙያም መሣሪያም የለንም። መደምደሚያቸው ደግሞ አጭር ነው፤ ቀኗ እስኪደርስ ተኝታ ትጠብቅ።

ጸሐፊው ለታማሚዋ አዝነው እንደጻፉ ይታያል። አንዳንዱ ስጋታቸውም ትክክል ነው፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። መደምደሚያቸውን ግን ልቀበለው አልችልም።

ጉልበቷን ትቆጥብ

ይህ ነጥብ የግሌም ጉዳይ ነው። የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ሳለሁ አክስቴ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ተገኘባት። ከክፍለ ሀገር መጥታ እኛ ቤት አረፈች። ኦፕራሲዮኑን አምስት ሳምንት ጠበቀች። በእነዚያ አምስት ሳምንታት አንድ ብርጭቆ እንኳ አላስነሳናትም። የእጅ ውሃ አልጋዋ ድረስ ይመጣላታል። ሽንት ቤት ስትሄድ ግራና ቀኝ ይዘናት ነው። ልትነሳ ስትል ጠያቂው ሁሉ «ኧረ ተኚ፣ አይዞሽ፣ አትነሺ» ይላታል። ከአልጋ የወረደች እንደሆነ እናቴ እኔን ትቆጣለች።

ኦፕራሲዮኑ በደንብ ተሳካ። ዕጢው ወጣ። አክስቴ ግን መነሳት አቃታት። በሁለተኛው ቀን ቁሚ ስትባል እግሯ ተንቀጠቀጠ። በአራተኛው ቀን የሳንባ ምች ያዛት። ሌሎቹ ከእሷ ጋር የገቡ ሴቶች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሷ እዚያው ቀረች። ከወጣች በኋላም የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሯ ለመሄድ ወራት ፈጀባት። የሳንባ ምቹ መተኛቷ ብቻ ያመጣው ነው ልል አልችልም። እግሯን ግን እኛ ነን ያደከምነው። በፍቅር ነው ያደረግነው፤ ያደረግነው ግን እኛው ነን።

ጸሐፊው ጉልበትን የሚያዩት እንደ ጤፍ ነው። ጎተራ ውስጥ ካልተነካ የሚቆይ ይመስላቸዋል። ጡንቻ እንዲህ አይደለም። ካልሠራ ይሟሽሻል፤ ያውም በፍጥነት። በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዳላስ ውስጥ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለጥናት ብለው ሦስት ሳምንት ተኙ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች እንደገና መረመሯቸው። የሦስት ሳምንቱ መተኛት ልባቸውንና ሰውነታቸውን ያደከመው 30 ዓመት እርጅና ካደከማቸው በላይ ሆኖ ተገኘ። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ ጤነኛ ሰዎች 10 ቀን ብቻ ተኝተው ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል። እነዚህ ሁሉ ጤነኞች ናቸው። ካንሰር ያለባትን፣ የምግብ ፍላጎቷ የተዘጋውን፣ ደም ሲፈሳት የከረመውን ሴት አስቡ።

ኦፕራሲዮን ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። ታማሚዋ ማደንዘዣ ወስዳ ተኝታ ቢሆንም ሰውነቷ አይተኛም። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቁስሉን ለመጠገን ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። ልብ በኃይል ይመታል። ሰውነት ፕሮቲን ሲያጥረው ከራሱ ጡንቻ ያፈርሳል። ስለዚህ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ የነበራት አቅም ስትወጣ የሚቀራትን ይወስናል። ክረምት ሊገባ ሲል ጣራ የሚጠግን ሰው የሚያስበውን ነው እኛም የምናስበው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ እውነት ተናግረዋል። ያልበላች ሴት በእንቅስቃሴ ብቻ አትጠነክርም፤ እንዲያውም ትከሳለች ብለዋል። ትክክል ናቸው። እንቅስቃሴና ምግብ አብረው ነው የሚሄዱት። ለእንዲህ ዓይነት ኦፕራሲዮን ለምትዘጋጅ ሴት በአብዛኛው የሚመከረው ለአንድ ኪሎ ክብደቷ በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ ከሆነች ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ብቻ አለው። ስለዚህ ሾርባ ብቻ እየጠጣች አይሆንም። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ አሳ ያስፈልጋታል። የኩላሊት ችግር ካለባት ግን መጠኑን ሐኪሟ ይወስን። ጾም ላይ ከሆነች የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ የሚሰጡ አባቶች ብዙ ናቸው። አልፈታም ካለችም አናስገድዳትም። ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስሩና ባቄላው ይብዛ፣ ሽምብራውና ለውዙ በመሀል በመሀል ይቅረብላት።

የእኛ ሴት ድሮም ከሥራ አርፋ አታውቅም

ይህን ሳነብ ቆም አልኩ፤ ግማሹ እውነት ነውና። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ፣ እንጀራ ጋግራ የኖረችን ሴት ስፖርት ሥሪ ማለት ለሰሚው ይከብዳል። ስድብም ይመስላል።

ግን የት እንዳለች እንይ። ያቺ ጎበዝ ገጠሬ ለሕክምና አዲስ አበባ ትመጣለች። የወንድሟ ወይም የልጇ ቤት ታርፋለች። እንግዳ ናት፣ ታማሚም ናት። ማጀት አትገባም። ከተማውን ስለማታውቀው ብቻዋን ከበር አትወጣም። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ወደ ታች ማየትም ያስፈራታል። ሁለት ሰዓት በእግሯ ገበያ ትሄድ የነበረችው ሴት በወር ውስጥ ከአልጋ ሶፋ፣ ከሶፋ አልጋ ሆነች። ድሮ ጠንካራ መሆኗ ለዛሬ አይቆጠርላትም። ያየነው ነገር ነው፤ የዳላሶቹ ልጆችም ጠንካሮች ነበሩ።

የከተማዋም ሴት አለች። የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ከውፍረት ጋር በጣም የተያያዘ ነው። ስኳርና ደም ግፊትም አብረው ይኖራሉ። ቢሮ ውላ፣ ታክሲ ውስጥ ሰዓት ፈጅታ፣ ማታ ቤት የምትቀመጥ ሴት ናት። «ድሮም ከሥራ አላረፈችም» የሚለው ለእሷ አይሠራም። ደክማለች፤ ልቧና ሳንባዋ ግን ሥራ አላገኙም።

የቤት ሥራም ቢሆን ሁሉን አይሰጥም። ጎንበስ ብሎ ማጠብ ወገብ ያደክማል እንጂ ትንፋሽ አያሰፋም። እኛ የምንሰጠው እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ የሚጨምር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ከሆነ ሁለተኛው 15፣ ሦስተኛው 20 ይሆናል። ፍጥነቱ ማውራት እየቻለች፣ መዝፈን ግን እስኪያቅታት ድረስ ነው። ጂም አያስፈልጋትም። የኮንዶሚኒየም ደረጃ አለ፣ ግቢ አለ፣ ወንበር አለ። ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ጥሩ ክብደት ነው።

ጥናቶቹ የተሠሩት በሌላ በሽታ ላይ ነው

ይህ የጽሑፉ ጠንካራው ነጥብ ነው። አልሸሸውም።

እውነት ነው፣ ትልልቆቹ ጥናቶች በብዛት የተሠሩት በትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ነው። በማህፀንና በኦቫሪ ካንሰር ላይ የተሠሩት ያነሱና ትንንሾች ናቸው። ይህን ደብቆ «ተረጋግጧል» የሚል ባለሙያ ካለ ተሳስቷል። የአንጀቱም ቢሆን ሁሉም አንድ ነገር አልተናገረም። በ2014 እ.ኤ.አ. ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ በ77 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ግማሾቹ ከኦፕራሲዮን በፊት ተዘጋጁ፣ ግማሾቹ ያንኑ ፕሮግራም ከኦፕራሲዮን በኋላ ጀመሩ። በስምንተኛው ሳምንት ቀድመው ከተዘጋጁት 84 በመቶዎቹ ወደ ቀድሞ የመራመድ አቅማቸው ተመልሰው ነበር። ከሌሎቹ 62 በመቶ ናቸው የተመለሱት። በ2023 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ መሪነት በብዙ አገር የተሠራ ጥናትም ወጣ። 251 ሰዎች ነበሩበት። አራት ሳምንት እንቅስቃሴ፣ ምግብና የሥነ ልቦና ድጋፍ ካገኙት ከባድ ችግር የገጠማቸው 17.1 በመቶ፣ ካላገኙት 29.7 በመቶ ሆኑ። በሌላ በኩል በ2020 እ.ኤ.አ. አቅመ ደካማ በሆኑ 110 ሰዎች ላይ የተሠራው ጥናት በኦፕራሲዮን ማግስት በሚመጡ ችግሮች ላይ ልዩነት አላሳየም። ጸሐፊው የጠቀሱት ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሦስቱንም ማየት ነበረባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። የአንጀት ታማሚ ያገኘውን የኦቫሪ ታማሚ ታገኛለች? ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን አስቡ። የኦቫሪ ካንሰር ኦፕራሲዮን ብዙ ጊዜ ሆድን ከታች እስከ እምብርት በላይ የሚከፍት፣ ሰዓታት የሚወስድ ነው። አንዳንዴ አንጀትም ይቆረጣል። ማደንዘዣው አንድ ዓይነት ነው። የሚደክመው ልብ፣ የሚጨናነቀው ሳንባ፣ የሚቀልጠው ጡንቻ አንድ ዓይነት ነው። ልብ ዕጢው ከየት እንደተነሳ አይጠይቅም። ስለዚህ ጥቅሙን ልክ በቁጥር ላስቀምጥ አልችልም፤ አቅጣጫውን ግን አልጠራጠርም።

እንዲያውም የኦቫሪ ታማሚ ከአንጀት ታማሚ የተሻለ ጊዜ አላት። ብዙዎቹ በሽታው ተሰራጭቶ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ኬሞ ይሰጣቸዋል፤ በተለምዶ ሦስት ዙር፣ በየሦስት ሳምንቱ። ዘጠኝ ሳምንት ማለት ነው። ከዚያ ኦፕራሲዮን። ከኬሞ ቀጥለው ያሉት ጥቂት ቀናት ከባድ ናቸው፤ እነሱን እናልፋቸዋለን። የቀሩት ቀናት ግን ይባክናሉ። ማንም «በእነዚህ ሳምንታት ምን ላድርግ?» ብላ ስትጠይቅ የሚመልስላት የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ደም ያፈሳል፣ ካንሰሩን ያሰራጫል

ሁለቱን እንለያያቸው። ካንሰሩን ያሰራጫል የሚለው መሠረት የለውም። መራመድና ከወንበር መነሳት ካንሰርን እንደሚያሰራጭ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የካንሰር ታማሚዎችን ዝም ብሎ ከመቀመጥ ተጠንቀቁ ብሏል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው እድሳትም እንቅስቃሴን ይደግፋል።

ስለ ደም መፍሰስ ግን ጸሐፊው ያነሱት ስጋት በቁም ነገር መታየት አለበት። በአገራችን ሴቶች ላይ የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ዋናው ምልክቱ ደም ነው። ብዙዎቹ ወራት ሙሉ ደም ሲፈሳቸው ቆይተው ነው የሚመጡት። ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) በጣም የወረደ ሴት ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ዓይኗ ይጨልማል። እሷን ወክ ውጪ ማለት ጭካኔ ነው። መጀመሪያ ደሟ ይስተካከል። ደም ማነስን አስቀድሞ ማከም ራሱ ለኦፕራሲዮን መዘጋጀት ነው።

ስለዚህ እኔም ከጸሐፊው ጋር የምስማማባቸው ሁኔታዎች አሉ። ብዙ ደም እየፈሰሳት ያለች፣ አንድ እግሯ ብቻ አብጦ የሚያማት፣ ደረቷን የሚወጋት፣ ተቀምጣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ትኩሳት ያላት ሴት እንቅስቃሴውን አቁማ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ትሂድ። ያበጠ እግር የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ሆዷ ውሃ ቋጥሮ መተኛት ያቃታትም ሐኪም ጋ ትሂድ። አጥንቷ ውስጥ ሕመም የሚሰማት ደግሞ ሳትመረመር ከባድ ነገር አታንሳ። ግን የደም መርጋትን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ካንሰሩ ራሱ ነው፣ ሌላው አለመንቀሳቀስ ነው። ጸሐፊው ደም እንዳይፈሳት ፈርተው ደም እንዲረጋባት የሚያደርግ አልጋ ሰጧት።

ኦፕራሲዮኑን ያዘገያል

አያዘገይም፤ እንዲያዘግይም አይፈቀድም። ለስፖርት ተብሎ የካንሰር ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አይገፋም። ነገ ግቢ ከተባለች ነገ ትግባ። እኛ የምንጠቀመው ወረፋው ራሱ የሰጠንን ጊዜ ነው። ሁለት ሳምንትም ይረዳል፣ አንድ ሳምንትም ትንፋሽ መለማመጃ ይሆናል።

ባለሙያም መሣሪያም የለንም

የፊዚዮቴራፒስት እጥረት እንዳለ እኔ ምስክር ነኝ። ግን አንድ ጥናት ልንገራችሁ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ከእምብርት በላይ ሆዳቸው የሚከፈት 441 ሰዎችን ወሰዱ። ለግማሾቹ መመሪያ የያዘ ወረቀት ብቻ ሰጧቸው። ለግማሾቹ ከወረቀቱ ሌላ ከኦፕራሲዮን በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ 30 ደቂቃ፣ ፊዚዮቴራፒስት አነጋገራቸው። ከማደንዘዣ እንደነቁ እንዴት በጥልቀት እንደሚተነፍሱ፣ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ አስተማራቸው። በቃ። ከኦፕራሲዮን በኋላ የሳንባ ችግር የገጠማቸው በወረቀቱ ክፍል 27 በመቶ፣ በተነጋገሩት 12 በመቶ ሆኑ። ማሽን የለም፣ ጂም የለም፣ መድኃኒት የለም። ግማሽ ሰዓት ወሬ ነው። አክስቴ ይህን ግማሽ ሰዓት ብታገኝ እያልኩ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔን ግን ከመሣሪያ እጥረት በላይ የሚያስቸግረኝ አለ። ብዙ ቤተሰብ በሽታውን ከታማሚዋ ይደብቃል። «ትንሽ እብጠት ናት ተብሏል» ይላታል። ምን እንደሚጠብቃት ያላወቀች ሴት ለምን ትዘጋጅ? በሽታው በሴት ገላ ላይ ስለሆነ ደግሞ ሐፍረት አለ። ሰፈር ውስጥ ስትራመድ ጎረቤት «ምን ሆነሽ ነው?» እንዳይላት ትፈራለች። አንዲት እናት ጎህ ሳይቀድ ነበር የሚወጡት፣ ማንም እንዳያያቸው። ልጆቻቸው ከነገሯቸው በኋላ በቀን ብርሃን መውጣት ጀመሩ። ማህፀኗን ልታጣ ላለች ሴት፣ በተለይ ገና መውለድ ለምትፈልግ፣ ሐዘኑ ቀላል አይደለም። አብሯት የሚራመድ ሰው ሲኖር ስለሱም ታወራለች። መንገድ ላይ የሚወራ ነገር ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚወራው ይቀላል።

ባለሙያ እስኪበዛ ድረስ እኔ አንድ ነገር አደርጋለሁ። የቀጠሮ ካርድ ጀርባው ባዶ ነው። ሐኪሟ ፈቅዶ ደሟም ደህና ከሆነ እዚያ ላይ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፤ «ጠዋትና ማታ 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ መጨመር። እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። በጥልቀት ተንፍሶ ሦስት ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን አራቴ። ትራስ ሆድ ላይ ይዞ መሳል መለማመድ። ደም ከበዛ፣ ደረት ከወጋ፣ አንድ እግር ካበጠ አቁመው ይደውሉ።» ማንበብ ለማትችል ለአስታማሚዋ አሳያለሁ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ዙር አብረን እንሠራለን።

ለዚያች ልጅም ይህንኑ ጽፌ ፎቶውን ላኩላት። ከዚያ በፊት ግን የእናቷን የደም ምርመራ ውጤት ጠይቄያታለሁ፤ ሐኪማቸውንም እንድታማክር ነግሬያታለሁ። ሄሞግሎቢናቸው ደህና ነው፣ ደሙም ቆሟል፣ ሐኪማቸውም ይራመዱ ብሏል። ቀጠሯቸው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ማታ ወክ ወጥተው እስከ አስፋልቱ ደርሰው ተመልሰዋል።